ለበረዶ የተላከ ሽማግሌ

የስንብቴ ቀን በተነሣው ፎቶ ላይ እኔ የለሁም። ኬኩ ተቆርጧል፣ የሥራ ባልደረቦቼ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ተደርድረው ይስቃሉ፣ አለቃችን ኬቨን አውራ ጣቱን ቀስሯል። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። «የምትሄጂው አንቺ ነሽ እኮ፣ ነይ መሃል ግቢ!» ሲሉኝ ፀጉሬን አልተሠራሁም ብዬ አመካኘሁ። እውነቱ ግን ጠበቃዬ «ከእንግዲህ እዚያ ቤት ውስጥ ፎቶ እንዳይነሡ» ስላለችኝ ነው።

ስምንት ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የዋሽንግተን ስቴት ፈቃድ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ተቆጣጣሪዎች እየመጡ፣ መዝገባችንን እያገላበጡ፣ «ጥሩ ነው» ብለውን ይሄዱ ነበር። ከደመወዜ ግብር ሳይቆረጥ የቀረበት ወር የለም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ፎቶ መነሣት ለምን እንደሚያስፈራ ዛሬም ጥርት ብሎ አልገባኝም። ይህን የምጽፈውም ገብቶኝ ላስረዳ አይደለም። የሆነውን እንደሆነው ተራ በተራ ባስቀምጠው ምናልባት ይገባኝ እንደሆነ ብዬ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና አጻጻፌን እለፉኝ።

አሜሪካ የመጣሁት ዲቪ ደርሶኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ናትናኤልን ይዤ ነው። እናቴን ደሴ ከእህቴ ጋር ተውኳት። በሁለተኛው ዓመት እህቴ ሞተች፤ እናቴ ብቻዋን ቀረች። እናትን ማምጣት የሚችለው ዜጋ የሆነ ሰው ብቻ ነው አሉኝ። ለዜግነት ደግሞ ፈተና አለ፤ በእንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ አለ። እኔ በአማርኛም ቢሆን ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ቢሆንም ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋም ሳነጥፍ፣ ሌላም ስሠራ፣ በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴን በሕይወት እያለች ማምጣት።

መጀመሪያ የሠራሁት ሲታክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ክፍል አጸዳሁ። ወገቤ እምቢ ሲል ሌላ ሥራ መጠያየቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን ኦቴሎ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ባለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ስገዛ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ከባለሱቁ ጋር ስለ ሥራ ሳወራ ሰምተውኝ፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ፣ «እጅሽ ብርድ ይችላል?» አሉኝ።

«ምን የማይችለው አለ» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ሥራ አለ።»

ጋሽ ሀብቴ ናቸው። ወላጆቻቸው ከአስመራ፣ እሳቸው ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ። ወጣት ሳሉ ቢራ ፋብሪካ ሠርተዋል። አማርኛቸው እንደ ማንኛችንም ነው፤ ሲናደዱ ብቻ ትግርኛው ብቅ ይላል።

«ሥራው ማጠብ ነው» አሉኝ። «ቅጠል በበረዶ ውሃ እናጥባለን።»

«የምን ቅጠል?»

«ካናቢስ።»

«ሐሺሽ ነው የሚሉኝ ጋሼ?»

«እዚህ አገር ፈቃድ ያለው ነው። እንደ ቢራ አድርገሽ ውሰጂው።»

ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምጠይቀው ሰው አጥቼ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበረውን ናትናኤልን ጠየቅሁት። «ማም፣ ኢትስ ሊጋል ሂር» አለኝ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳያነሣ፤ እዚህ ይፈቀዳል ማለቱ ነው። ሱቆቹን ራሴ ሄጄ አየኋቸው። በር ላይ ሰው ተሰልፏል፣ ፖሊስ በአጠገባቸው ያልፋል፣ ማንም ምንም አይልም። ሰኞ ገባሁ።

ለሰው ግን በረዶ ፋብሪካ ገባሁ አልኩ። ለማኅበሬ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለእናቴም ጭምር። ውሸት ነው አልልም፤ ቀኑን ሙሉ በረዶ ነው የምንሸከመው።

ሥራው እንዲህ ነው። አበባው እንደተቆረጠ ሳይደርቅ በረዶ ቤት ይገባል፤ ወደ እኛ የሚመጣው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ላዩ ላይ ቀጫጭን አንገት ያላቸው ጠብታዎች ተተክለዋል፤ የመርፌ ራስ ይመስላሉ። ሽታውም፣ ሰው መድኃኒት የሚለውም፣ ሁሉም ያለው በእነዚያ ጠብታዎች ውስጥ ነው። ጠብታዎቹ ዘይትነት ስላላቸው ውሃ አያሟሟቸውም፤ ሲቀዘቅዙ ደግሞ እንደ ብርጭቆ በቀላሉ ይሰበራሉ። በርሜል ውስጥ በረዶና ውሃ ተደርጎ፣ አበባው ተጨምሮ፣ በመቅዘፊያ ቀስ እያልን እናንቀሳቅሰዋለን። ጠብታው ካንገቱ ይቀነጠሳል፣ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ ውሃውን ቀዳዳቸው እየጠበበ በሚሄድ የወንፊት ከረጢቶች እናሳልፈዋለን። በመጨረሻው ከረጢት ታች እርጥብ አሸዋ የሚመስል ነገር ይቀራል። የስምንት ሰዓት ሥራ ሁሉ እፍኝ አይሞላም። አልኮል የለበት፣ ጋዝ የለበት፣ ኬሚካል የለበት። ውሃ ብቻ። ይህ ደስ ይለኝ ነበር። ውሃ ምን ኃጢአት አለው እል ነበር።

ጋሽ ሀብቴ ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ከበርሜሉ በኩባያ ይቀዱና ጓንታቸውን አውልቀው ሁለት ጣታቸውን ይነክራሉ። ከዚያ በትግርኛ መቁጠር ይጀምራሉ። ሠላሳ ሳይደርሱ ጣታቸው ካንገበገባቸው ውሃው ደርሷል። ሠላሳን ካለፉ «በረዶ ጨምሩ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ መለኪያውን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ራሳቸውን ሳይሆን መለኪያውን የሚፈትኑ ይመስላሉ። እኔም ዛሬ ድረስ ትግርኛ አልችልም፤ እስከ ሠላሳ መቁጠር ግን እችላለሁ።

ሌላው ልማዳቸው፣ የተናደደ ሰው መቅዘፊያ አያስይዙም። አንድ ጠዋት ከናትናኤል ጋር በስልክ ምክንያት ተጣልቼ ነበር የገባሁት። ገና ሁለት ዙር ሳላዞር መቅዘፊያውን ከእጄ ወሰዱት።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ማንን ነው የምትመቺው?»

«ማንንም።»

«ንዴት ወደ ክንድ ይወርዳል፣ ዘውዴ። ስትመቺው ቅጠሉም ተፈጭቶ አብሮ ይገባል። የሚወጣልሽ ሣር ነው። ሂጂ፣ ከረጢት እጠቢ።»

ከረጢት ሳጥብ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ መጥተው፣ «ታረቅሽው?» አሉኝ። «በቴክስት ታረቅን» አልኳቸው። መቅዘፊያውን መለሱልኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አራተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ዛሬ በማሽን ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ግን ያንን እርጥብ አሸዋ አድቅቀን፣ ትሪ ላይ በወረቀት አስጥተን፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እናቆየው ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለመውጣት ስዘጋጅ ከትሪዎቹ በላይ ያለው ማራገቢያ አቧራ ይዞ አየሁ። እኔ ባደግሁበት ቤት ሳይከደን የሚያድር ነገር የለም። ወጥ ይከደናል፣ ዱቄት ይከደናል፣ የሚጠጣ ውሃ እንኳ ይከደናል። ቦርሳዬ ውስጥ ምሳዬን የምጠቀልልበት፣ ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነበረኝ፤ መሳቢያ ውስጥም ሌሎች ነበሩ። ትሪዎቹን አንድ በአንድ፣ ጠርዛቸውን እየወተፍኩ ከደንኳቸው። በጣም ተጠንቅቄ ነው የከደንኳቸው። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ በሩ ሲከፈት የእርጥብ ድርቆሽ ሽታ ተቀበለን። ጋሽ ሀብቴ አንዱን ጨርቅ በሁለት ጣታቸው አነሡት። አሸዋው ላይ ነጭ ጸጉር በቅሎበታል።

«ማነው የከደነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«አቧራ እንዳይገባበት።»

ጨርቁን ይዘው ቆሙ። «እየተነፈሰ ነበር እኮ» አሉ። «አፈንሽው።»

አንድ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የደከመበት አዝመራ ነበር። እንዲህ የተበላሸ ነገር ዝም ብሎ አይጣልም፤ በሕጉ መሠረት ከቆሻሻና ከአፈር ጋር ተቀይጦ፣ ካሜራ ፊት፣ ለምንም እንዳይሆን ተደርጎ ነው የሚጣለው። የቀየጥኩት እኔ ነኝ። አካፋ ይዤ ከቡና አተላና ከአፈር ጋር ሳቀላቅለው ገበሬው መጣ፤ ሸበቶ፣ ዝምተኛ ሰውዬ። አካፋዬን አይቶ ተመልሶ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ሀብቴ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ኬቨን መቼም ያለ እሳቸው ቃል ሰው አይቀጥርም፣ አያባርርም።

«ዘውዴ፣ ይህ ሥራ ላንቺ አይሆንም።»

«ጋሼ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም።»

«ስለ ጨርቁ አይደለም። ኤርፖርት ሥራ ግቢ፣ እኔ ሰው አለኝ። እዚህ አትቆዪ። እናትሽን አስቢ።»

እናትሽን አስቢ ሲሉኝ ለቅሶዬ ባሰ። እናቴን እያሰብኩ አይደል የምሠራው? የሚሉትን ሳልሰማ እያለቀስኩ ሄድኩ። ቤት ስገባ ናትናኤል፣ «ማም፣ ጀስት አስክ ሂም!» አለኝ። ለምን ብለሽ ጠይቂያቸው ማለቱ ነው። የልጅ ነገር ሆኖ ታየኝ። እንደ አባት የሚታይ ትልቅ ሰው «ሂጂ» ካለ፣ ለምን ተብሎ ይጠየቃል? ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ።

ሁለት ሽማግሌ ለመንኩ። አንዱ ሲታክ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ያቆሙት አቶ ወርቁ ናቸው። ሁለተኛው የደሴ ሰው፣ እዚያው ኦቴሎ ሌላ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ይማም። ቅዳሜ ጠዋት ቡሪየን፣ ጋሽ ሀብቴ ቤት ሄድን። እኔ በሩ አጠገብ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ቆምኩ። ሁለቱ የሚያውቁት በረዶ ፋብሪካ እንደምሠራ ብቻ ነው።

አቶ ወርቁ ጀመሩ። «ሀብቴ፣ ይህች ልጅ አጥፍታለች፤ አልካደችም። ዕቃ አበላሽታለች። ግን እኮ...» አሉና ወደ ሐጂ ይማም ዞሩ፣ «በረዶ ነው አይደል የተበላሸው?»

«በረዶ ነው» አሉ ሐጂ።

«በረዶ እንዴት ይበላሻል? ቢቀልጥስ መልሶ ማቀዝቀዝ ነው እንጂ፣ ለዚህ ሰው ይባረራል?»

ጋሽ ሀብቴ ቀና ብለው አዩኝ። የዚያን ጊዜ በአንድ ቃል ሊያዋርዱኝ ይችሉ ነበር። «ልዩ በረዶ ነው» አሉ።

«የቱንም ያህል ልዩ ቢሆን» አሉ ሐጂ ይማም፣ «መጨረሻው ውሃ ነው።»

«ሐጂ፣ እኔ ለእሷ ብዬ ነው ሂጂ ያልኳት።»

«ለእሷ ብለህ ከሆነማ ነገሩ አለቀ! እሷ የምትለው መልሱኝ ነው፤ መልሳት።»

«የማታውቁት ነገር አለ።»

«ንገረን እንወቀው።»

ጋሽ ሀብቴ እንደገና አዩኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም፣ «እሺ። ስለ እናንተ ስል» አሉ። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ስንወጣ በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ዜግነቱን መቼ ነው የምታስገቢው?» አሉኝ።

«እንግሊዝኛዬ ይስተካከል ብዬ ነው ጋሼ።»

«እሺ» አሉ። ክንዴን ለቀው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠራሁ። በእነዚያ አራት ዓመታት ጥሩ ሠራተኛ ሆንኩ። የበረዶውን ድምፅ ለየሁ፤ አሸዋው ዱቄት ሲመስል ምን እንደሆነ፣ ቡናማ ሲል ምን እንደሆነ በዓይኔ አወቅሁ። ጋሽ ሀብቴ ጡረታ ሲወጡ አዲስ የገቡትን የማሳየው እኔ ሆንኩ። ማታ ማታ የዜግነቱን ጥያቄዎች ናትናኤል ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ። «ሕግ የሚያወጣው ማነው?» ሲለኝ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

ፈተናውን እንደምችለው ሳውቅ ወረቀቴን ይዤ ጠበቃ ጋር ሄድኩ። የሐበሻ ልጅ ናት፣ እዚሁ ያደገች። ቅጹን እየሞላች፣ «ሶ፣ እትዬ ዘውዲቱ፣ ሥራዎት ምንድን ነው?» አለችኝ። ለጠበቃ አይዋሽም ብዬ የመጀመሪያ ጊዜ ለሐበሻ ሰው እውነቱን ተናገርኩ። እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ፣ ውሃ ብቻ እንደምንጠቀም ሁሉ ነገርኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ኦኬ። ይህን ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደው እንዳይናገሩ... ኖ፣ ማለቴ፣ እዚያ ሄደው መዋሸትም አይችሉም። ከዋሹ የባሰ ነው። ስለዚህ አሁን አናስገባም።»

«ፈቃድ አለው እኮ ልጄ። ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።»

«የስቴት ፈቃድ ነው። ዜግነት የሚሰጠው ፌዴራል ነው። በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።»

«ግብር የሚወስደውስ?»

«ሁለቱም» አለች። ራሷም ደክሟት ሳቀች።

ሥራውን ዛሬ ካቆምኩ፣ አምስት ዓመት ቆይቼ ባስገባ ይሻላል አለች። እስከዚያ ከአገር አይውጡ፣ ሲመለሱ ኤርፖርት ላይ ቢጠይቁዎት የሚያስቸግር ነው አለች። እናቴን ማምጣትም አልችልም፣ ሄዶ ማየትም አልችልም ማለት ነው። ባቡር ውስጥ በጣቴ ቆጠርኩ። ጋሽ ሀብቴ ሂጂ ያሉኝ ቀን ሄጄ ቢሆን ኖሮ ከአምስቱ አራቱ አልፈው ነበር።

በቀጥታ ቡሪየን ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ጎመን ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው ሰላምታም ሳላቀርብ።

ምን ብለው አልጠየቁኝም። ቧንቧውን ዘጉ። «አንድ ሌላ ቤት የሚሠራ ልጅ በዚህ ምክንያት ዜግነት ሲከለከል ሰማሁ። አንቺ ጨርቁን ከመክደንሽ አንድ ሳምንት በፊት ነው። እኔ ከድሮ ጀምሮ ዜጋ ነኝ፣ አስቤውም አላውቅ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርሽ ስጀምር አለቀስሽ። ከዚያ ሽማግሌ ላክሽብኝ። ሐጂ ይማም ፊት ምን ልበል? በረዶ አይደለም፣ ሐሺሽ ነው ልበል?»

«በማግስቱስ ጋሼ? ከዚያ በኋላስ?»

ጎመኑን አዩ። ጎንበስ ብለው የደረቀ ቅጠል ቀነጠሱ። «በማግስቱ ጠዋት በርሜሉ አጠገብ ቆመሽ አየሁሽ። እንዳንቺ ያለ እጅ አልነበረኝም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። እንግሊዝኛዋ ገና ነው፣ ጊዜ አላት አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል...»

ልቆጣቸው ሄጄ ነበር። ግን አሳፍረውኝ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ የጎዱኝም ሰው ናቸው። ሦስቱ በአንድ ራስ ውስጥ አልገቡልኝም። ሽማግሌ ባልልክ፣ ለሽማግሌዎቹ ባልዋሽ፣ ልጄ እንዳለኝ በቀጥታ ብጠይቅ ኖሮ እላለሁ። ደግሞ እሳቸው አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ እላለሁ። የማን ጥፋት እንደሚበልጥ መዝኜ መጨረስ አልቻልኩም። ጎመን ቆርጠው በፌስታል ሰጡኝ። ተቀበልኩ፤ ለምን እንደተቀበልኩም አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ሥራ አቆምኩ። ለእናቴ መንገር ቀረኝ። እሑድ ጠዋት ስደውል እዚያ አመሻሽ ነው።

«እማዬ፣ ወረቀቱ ዘግየት ይላል።»

«ስንት ወር?»

«አምስት ዓመት።»

የደሴ የዝናብ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

«ምን አጠፋሽ?»

«ቅጠል አጥቤ። በረዶ ፋብሪካ ያልኩሽ በረዶ ብቻ አልነበረም። የካናቢስ ቅጠል ነው፣ ሐሺሽ የሚሉት።»

«ሰርቀሽ ነው ያጠብሽው?»

«ኧረ አይደለም፣ በፈቃድ ነው። መንግሥት ያውቃል።»

«ታዲያ የከለከለሽ ማነው?»

«መንግሥት።»

«ሌላ መንግሥት መጣ?»

«አልመጣም። አንድ አገር ነው፤ መንግሥቱ ግን ሁለት ነው።»

«አይ፣ እንግዲህ እንዲህ ያለውንስ እኛም አይተናል» አለች። ቀጥላም፣ «አጨስሽው?»

«በልጄ እምላለሁ፣ አላጨስኩም።»

«በልጅ አትማዪ። አምስት ዓመት ስትይ እኔ ስንት ይሆነኛል?»

«በመታወቂያሽ ሰማንያ ሦስት።»

«መታወቂያውን የሞላው የቀበሌው ልጅ ፊቴን አይቶ ገምቶ ነው። ያን ቀን ደግሞ ከለቅሶ ነበር የመጣሁት። የተወለድኩበትን ዓመት የሚያውቅ ሰው አንድም አልቀረም። ስለዚህ አምስቱን ዓመት ከእኔ ላይ ቀንሺው፤ እቆይሻለሁ።»

«አይቻልም እማዬ፣ ወረቀት ላይ ውሸት ይሆንብኛል። ጠበቃዋ አንድ ቃል እንዳይሳሳቱ ብላኛለች።»

«ለመንግሥቱ ጻፊ መች አልኩሽ? አንቺ ቀንሺው ነው ያልኩሽ።»

«እሺ» አልኳት፣ «ቀነስኩት።»